ቀድሞ የተጻፈ ዝላይ

ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኑሩ እንጂ በአንድ ቀን ውስጥ አይኖሩም ነበር። እሱ የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሥራው ከነገሩ በኋላ መድረስ ነው። ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መካከል ተገትሮ፣ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ ሲጸልይ ሌላው ሲራገም፣ ያኔ የእሱ ስልክ ይጮኻል፤ እሱም የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳይቸኩል አስሮ ይሄዳል። እሷ ግን ከነገሩ በፊት ትደርሳለች። ሰማዩ ሳይጠቁር ልብስ ከገመድ ታወርዳለች፤ እንግዳ ከቤቱ ሳይነሳ ወንበር ትደረድራለች፤ የልጆቿን ጫማ የምትገዛው አንድ ቁጥር አስበልጣ ነው። እሱ በር ላይ ቆሞ ኪሱን ሲዳብስ፣ እሷ ሁለት ትርፍ ቁልፍ አስቀርጻ፣ አንዱን ለጎረቤት አንዱን ለአማቷ ሰጥታ ጨርሳለች። በዚህ የተነሳ ባሏ «እመት ነገ» ይላታል። እሷም ውለታውን ስትመልስ «አቶ ትናንት» ትለዋለች። ዛሬ ላይ የሚገናኙት ምሳና እራት ሲቀርብ ነው።

ይህ አመል አብሯት የተወለደ አይደለም፤ ከሥራ የመጣ ነው። ከመውለዷ በፊት የቀን መቁጠሪያ በሚያሳትም ማተሚያ ቤት አርታኢ ነበረች። እዚያ ቤት ማንም በያዝነው ዓመት ውስጥ አይኖርም። ሰው ሁሉ የዘንድሮን ብርድ ሲያማርር፣ እነሱ የመጪውን ዓመት ሥዕል መርጠው፣ የመጪውን ዓመት በዓላት አርመው፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ይጨቃጨቃሉ። እዚያ ከርማ የወጣች ሴት ዛሬን ስታይ ሁልጊዜ ያረጀ ወረቀት ይመስላታል።

ቤት መዋል ስትጀምር ግን ያ ሁሉ ጥድፊያ መድረሻ አጣ። የበኩር ልጇን ወልዳ ሥራ የለቀቀች ሰሞን፣ መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ «አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ይላታል። «ቤት ነኝ» ስትል ጠያቂው ፊቱን ለስለስ አድርጎ፣ ከበሽታ ያገገመ ሰው እንደሚያጽናና፣ «አይ፣ እሱም ጥሩ ነው» ይላል። ያቺ «እሱም» የምትባል ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ቀኑን ሙሉ ጉድ ጉድ ስትል ውላ ማታ ዞር ብላ ብታይ፣ የሚታይ ነገር የለም፤ የታጠበው ቆሽሿል፣ የተነጠፈው ተተራምሷል፣ የበሰለው ተበልቷል። ቢያንስ የማይበላና የማይቆሽሽ ነገር ልሥራ ብላ ነው ብሎግ የከፈተችው። ስሙን «ቤት ስውል» አለችው። ልጅ ታቅፎ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀን እንዴት እንደሚሸነሸን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ትጽፋለች። ሰው ወደደላት። በማታውቃቸው ከተሞች፣ በማታውቃቸው ወጥ ቤቶች፣ የማታውቃቸው እናቶች እሷን እያነበቡ ቁም ሣጥናቸውን አስተካከሉ።

የምክሯ ሁሉ ምሰሶ አንድ ነበር፤ አንድ ሳምንት መቅደም። የሚበላው ቀድሞ ይሠራ፣ የሚለበሰው ቀድሞ ይተኮስ፣ የሚጻፈውም ቀድሞ ይጻፍ። እሷ ራሷ ጽሑፎቿን ጽፋ ሰዓት ትሞላላቸውና ወረፋ ታስይዛቸዋለች፤ ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳይነካቸው ይወጣሉ። ታዲያ ቀድሞ የሚጽፍ ሰው አልፎ አልፎ ገና ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መጻፉ አይቀርም። የሰባት ዓመቷ ልጇ ሚጣ ያለ መብራት ብቻዋን የተኛችበት ሌሊት ቀድሞ የተጻፈ ነበር። ደግሞ ሆነ። ሚጣ የጫማዋን ማሰሪያ ራሷ ያሰረችበት ጠዋትም እንዲሁ። እሱም ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ ሳይሆንላት አልቀረም፤ ክፋቱም ይኸው ነበር።

ያ ሳምንት ከወትሮው ከበድ አለባት። ቤተሰቡ «ድቡልቡል» የሚለው ትንሹ ልጅ ጥርስ እያበቀለ ሌት ተቀን ይነጫነጫል፤ ትከሻዋ ላይ ያላንጠባጠበበት ልብስ አልቀራትም። ባለፈው ቅዳሜ ለዚያ ቀን የተያዘ ጽሑፍ ስላልነበረ ምንም ሳይወጣ ቀርቷል፤ አንዲት አንባቢም «ምነው ጠፋሽ? እኔ እኮ አንቺን አንብቤ ነው ከአልጋዬ የምነሳው» ብላ ጽፋላታለች። ይህ ነገር እንደ ምስጋና አልተሰማትም፤ አለቃ ቢሮ እንደ መጠራት ነው የተሰማት። ስለዚህ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ድቡልቡል ሸለብ ሲያደርገው፣ በአንድ እግሯ ጋሪውን እያወዛወዘች፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የቅዳሜውን ጻፈች።

ሚጣ ለወራት ዋና ስትማር ቆይታ፣ በዚያ ቅዳሜ ከዳር ቆማ ጥልቁ ገንዳ ውስጥ እንድትዘል ተወስኗል። አሰልጣኟ «ዝግጁ ናት» ብላለች። ታዲያ ምን ይጠበቃል? «ዛሬ ልጄ ጥልቁ ውኃ ውስጥ ዘለለች» ብላ ጀመረች። «አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አላየችም። እኔም እሷን ስጠብቅ የሳምንቱን ምግብ አሰብኩ፤ የሕፃኑን ጥፍር ቆረጥኩ፤ የተበጠሰ የሸሚዝ ቁልፍ ተከልኩ። መጠበቅ ማለት መቀመጥ ማለት አይደለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ራሷ ወደደቻት። ሰዓት ሞላችለት፤ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን። ኮምፒዩተሩን ስትከድን ሚጣ በእናቷ ሐሳብ ውስጥ ዘልላ፣ ዋኝታ፣ ፀጉሯም ደርቆ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጣ ወተቷን ሳትጠጣ በማንኪያ ታማስላለች።

«ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል» አለች።

«ደስታ ነው፤ ደስ ሲልሽ እንደሱ ያደርግሻል» አለቻት እናቷ፣ ዳይፐርና ፎጣ በአንድ ቦርሳ እየጠቀጠቀች።

«ደስታ እንደዚህ ነው እንዴ?»

አባትየው ሥራ ተጠርቶ ቦርሳውን ያነሳል። የስልክ ቁጥሩ በነጭ ቀለም፣ በትልልቁ ቦርሳው ላይ ተጽፏል፤ ሊፍት ውስጥ የተቀረቀረ ሰው ዳግመኛ ቢቀረቀር እንዳይቸገር ብሎ ነው።

«አባዬ፣ አንተ የሊፍቱን ጉድጓድ ከላይ ስታየው ትፈራለህ?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ እንዴት ትወርዳለህ?»

«ገመድ አለኛ። ደግሞ ወደ ታች አላይም፤ የተበላሸውን ነው የማየው።» ግንባሯን ሳማትና ወደ ሚስቱ ዞረ። «እመት ነገ፣ ዛሬ ምን ምን ሆነናል? ቀድመሽ ንገሪኝና ልዘጋጅ።»

«አቶ ትናንት፣ አንተ ዝም ብለህ ለምሳ ድረስ» አለችው እየሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ፤ ለምን እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

ሚጣ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። «ዛሬ ለአያቴ እኔ ነኝ የማነብላት። ተነጋግረናል። እስከ ዛሬ እሷ አነበበችልኝ፤ አሁን እኔም እችላለሁ።»

አያት ማለት የባልየው እናት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምሳ ይመጣሉ፤ ቁልፍ ስላላቸው ማንም ባይኖር ከፍተው ይገባሉ። ታብሌታቸውን ሶፋው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የምራታቸውን ጽሑፍ ልክ እንደ ወጣ ለልጅቱ ጮክ ብለው ያነባሉ። ልጅቱም ስለራሷ የተጻፈውን እንደ ተረት ትሰማለች። ማንበብ የቻለችው በቅርቡ ነው፤ እናቷ በዚህ ስትደሰት ከርማ፣ በዚያ ጠዋት ግን የሰማችው በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነበር።

መንገድ ላይ ድቡልቡል አላስቀምጥ ስላለ ስልኳን ሰጥታው፣ የሚዘፍኑ ድመቶች እያየ ደረሱ። የመዋኛው ቤት ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፤ ድምፅ ሁሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል። የልጆች ፎቶ እንዳይነሳ ስለሚባል፣ ስልክ ይዞ ወደ ገንዳው ማለፍ አይፈቀድም። መግቢያው ላይ ቁልፎች በአንገቷ ያንጠለጠለች የዕቃ ጠባቂ አለች፤ ስልኩን ተቀብላ በትንሽ ሣጥን ቆለፈችበት።

ሚጣ በትንሹ ገንዳ ጥቂት ዋኝታ ከወጣች በኋላ ከጥልቁ ገንዳ ዳር ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሌሎች ልጆች ተሰልፈው በባዶ እግራቸው ይረግጣሉ። አሰልጣኟ ውኃው ውስጥ ሆና እጆቿን ዘረጋች።

«እኔ እዚህ ነኝ፣ ሚጣ። ስትፈልጊ።»

ሚጣ የዋና መነጽሯን አስተካከለች። እንደገና አስተካከለች። እናትየዋ መቀመጫው ላይ ድቡልቡልን ታቅፋ፣ የልጇን ትከሻዎች ወደ ጆሮዋ ሲወጡ አየች። ከሰልፉ አንዱ «ቶሎ በያ» አላት። ሚጣ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፤ ከዚያ እንደ ታጠፈች ቀረች። ውኃውን አየች፣ አሰልጣኟን አየች፣ በመጨረሻ ወደ እናቷ ዞረች። ዓይኗ በመነጽሩ ውስጥ ፈጦ ይታያል። ከዚያ ቀስ ብላ ቁጢጥ አለች፤ በአራት እግሯ ወደ ኋላ እየዳኸች ከዳሩ ራቀች።

እናትየዋ በፎጣ ጠቀለለቻት። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«ተቆጣሽኝ?»

«ለምን እቆጣለሁ?»

«ብዙ ሰው አየኝ።»

«ያየሽ ሁሉ አንድ ቀን ፈርቷል። ካላሰኘሽ ይቀራል፤ ገንዳው የትም አይሄድም።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር፤ ልጅቱም አምናት ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ ጣለች። እናትየዋ ቀና ስትል ከገንዳው በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ሰዓት አየች። እኩለ ቀን ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ያኔ ረቡዕ የጻፈችው ትዝ አላት።

ጽሑፉ ወረፋውን ይዞ እየጠበቀ ነው። «አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አላየችም።» አያትየው ደግሞ ይኼኔ ሶፋው ላይ ተመቻችተዋል። ልጅቱም ዛሬ አንባቢ ናት።

«ነይ፣ ልብስሽን እንልበስ» አለች፤ ድምፅዋን እንዳይሮጥ ይዛ።

የዕቃ ጠባቂዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ሣጥኖቹ ተቆልፈዋል። ወንበሩ ላይ ሹራቧ ብቻ ተሰቅሏል። እናትየዋ ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ጎተተችው፤ ስለ ጎተተችው የሚከፈት ይመስል። አሰልጣኟ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ስታልፍ አገኘቻት።

«የሚጣ እናት፣ ደህና ነሽ? ስለ ልጅቷ አትጨነቂ፤ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው።»

«ለእሷ አይደለም። ስልክሽን አንድ ጊዜ፣ እባክሽ።»

ተቀብላ ብሎጉን ከፈተች፤ የይለፍ ቃሉን ጻፈች። ገጹ በትሕትና መለሰላት፤ ይህን ስልክ አላውቀውምና ማንነትሽን የማረጋግጥበት ቁጥር ወደ ራስሽ ስልክ ልኬልሻለሁ። የራሷ ስልክ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ይህን ጥበቃ ያስገባችው ራሷ ናት፤ «ሌባ ሳይመጣ መቆለፍ» በሚል ርእስ ጽፋበታለች።

ባሏ ጋር ደወለች። የቤቱ ኮምፒዩተር ክፍት ነው፤ ቢደርስ በአንድ ጣት ያጠፋዋል። ስልኩ አይሠራም አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አማቷ ጋር ደውላ «ታብሌቱን እንዳይከፍቱ» ልትላቸው ፈለገች፤ ቁጥራቸውን ግን በቃሏ አታውቀውም። በቃሏ የምታውቀው የባሏን ብቻ ነው፤ እሱንም ከቦርሳው ላይ አንብባ አንብባ።

የዕቃ ጠባቂዋ ሻይዋን ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ ተቀበለቻት።

«ምነው እቴ፣ ፊትሽ እኮ አመድ መሰለ። ልጅ ጠፋ እንዴ?»

«ልትጠፋ ነው» አለች ሳታስበው።

ሣጥኑ ተከፈተ። ስልኩ ጥቁር ነው፤ ድመቶቹ ዘፍነው ዘፍነው ባትሪውን ጨርሰውታል።

ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ቻርጀሩን አቀበላት። ስልኩን ሰክታ፣ ድቡልቡልን በግራ እጇ ደግፋ፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ አፈጠጠች። ራሷን አየችበት። መኪናው ሁለት እርምጃ ይሄድና ይቆማል፤ ከፊት የጭነት መኪና ሶፋ እያወረደ ነው። ሶፋውን በሩ አላስገባ ብሎት ሰዎቹ ያጋድሙታል፣ ያቆሙታል፣ ይመካከራሉ።

«ሹፌር፣ ሌላ መንገድ የለም?»

«መንገዱማ ነበረ፤ ሶፋው ቀደመን» አላት በመስታወቱ እያየ። «ምን አስቸኮለሽ፣ እህቴ?»

«እማዬ፣ ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጪው?» አለች ሚጣ። «አንቺ እኮ ውኃ ውስጥ አልገባሽም።»

ስልኩ ነፍስ ዘራ። ገና ሳትነካው ቀይ ልቦች በላዩ ላይ ይዘንቡ ጀመር፤ «ጎበዝ ሚጣ»፣ «አስለቀስሽን»፣ «የእኔም ልጅ እንዲህ በሆነች»። እኩለ ቀን ሆኗል። ጽሑፉን ለማንሳት ጣቷን ጫነች፤ ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ክቧ እየዞረች በራቸው ላይ ደረሱ።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አያትየው ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«የኔ ዓሣ፣ ነይ ወደኔ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አላየችም ይላል። ለጎረቤቷም በመስኮት አነበብኩላት።»

ሚጣ ክንዳቸው ውስጥ አልገባችም። ወደ እናቷ ቀና አለች።

«ማን ነገራት?»

«ሚጣ፣ ቆዪ ላስረዳሽ…» አለች እናቷ።

ልጅቱ ግን ሶፋው ላይ የተዘረጋውን ታብሌት አይታለች። ሄዳ አነሳችው። ገና ጀማሪ አንባቢ ናትና ቃላቱን በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆራረጠች፣ ጮክ ብላ ታነባለች። «ዛ…ሬ ልጄ… ጥል…ቁ ውኃ… ውስጥ… ዘለለች።» አያትየው ነገሩ ስላልገባቸው መጀመሪያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጡ ነበር፤ ወዲያው የምራታቸውን ፊት ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

ሚጣ አንብባ ጨረሰች። ታብሌቱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ወደ ክፍሏ ገባች። እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ መግባትም ፈራች፣ መቅረትም ፈራች። ከውስጥ የከረጢት ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

ስትወጣ እርጥቡን የዋና ልብሷን ለብሳለች። ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ የውጭውን በር እጀታ ያዘች።

«እንሂድ።»

«የት፣ የኔ ልጅ?»

«ገንዳው ሳይዘጋ። ሰው ሁሉ አንብቦ ሳይጨርስ ልዝለል።»

እስከዚያች ደቂቃ እናትየዋ የፈራችው ልጅቱ ታኩርፋለች፣ ታፍራለች፣ «እናቴ ዋሾ ናት» ትላለች ብላ ነበር። ይህን ግን በምንም ወረፋ ላይ አላስያዘችውም።

«እማዬ» አለች ሚጣ፣ እጀታውን ሳትለቅ፣ «ያለ መብራት የተኛሁትስ? ያኔም ቀድመሽ ጽፈሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ባልተኛስ ኖሮ?»

እናትየዋ ያን ሌሊት አስታወሰች፤ መብራቱን አጥፍታ ስትወጣ ሚጣ «ትንሽ ክፍት ተዪው» ብላ ስትለምናት፣ እሷም «አንቺ እኮ ትልቅ ልጅ ነሽ» ብላ በሩን የዘጋችው ለምን እንደሆነ አሁን አወቀች። ጽሑፉ በማግሥቱ ይወጣ ነበር።

ይሄኔ በሩ ከውጭ ተከፈተ። አባትየው እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነክቶት፣ ቦርሳውን እንደ ያዘ ቆመ። እርጥቧን ልጅ፣ የቆሙትን እናቱን፣ የሚስቱን ፊት በየተራ አየ። እንደ ልማዱ ከነገሩ በኋላ ነው የደረሰው።

«እሺ» አለ ዝግ ብሎ፣ ሥራ ቦታ ሰው እንደሚጠይቅ፣ «ምኑ ነው የተበላሸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቱ።

ሚጣን በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው ምሳ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጧት፤ የዋና ልብሱን ግን አላወልቅም አለች። ሾርባው ቀርቧል፣ የሚበላው የለም። እናትየዋ ነገሩን ከረቡዕ ጀምራ፣ ሳታሳምር፣ ለሁሉም ተናገረች። ከዚያ ኮምፒዩተሩን አምጥታ ወደ እነሱ አዞረችው፤ ወረፋ የያዙት ጽሑፎች ተደርድረዋል።

አባትየው አጎንብሶ አነበበ። «‹ትንሹ ዛሬ የመጀመሪያ እርምጃውን ተራመደ።›» ወደ ድቡልቡል ዞረ፤ ድቡልቡል ምንጣፉ ላይ በቂጡ ተቀምጦ ማንኪያ ያኝካል። «አንተ ጎረምሳ፣ ተራምደሃል አሉ። ለምን አትነግረንም?»

ሚጣ ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን መልሳ ዋጠችው።

«የእኔም አለ?» አሉ አያትየው።

ምራታቸው አንገቷን ደፋች። «የዓይንዎ ቀዶ ሕክምና፣ እማማ። በሚቀጥለው ወር ነው ተብሏል አይደል። እሱን ጽፌዋለሁ።»

«እና እንዴት ሆንኩ?»

«ደህና ወጡ። እኔም ሐኪም ቤት ስጠብቅዎት ሹራብ ጨረስኩ።»

በአማቷ ፊት ላይ እስከ ዛሬ ለማንም ያላሳዩት ፍርሃት ብልጭ ብሎ ጠፋ። «እንግዲያው እሱን እንኳ አታጥፊብኝ» አሉ፣ እንደ ቀልድም እንደ ምልጃም።

እናትየዋ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። በዓይነ ልቦናዋ ባዶውን ቅዳሜ አየችው፤ ምንም ያልወጣበት፣ «ምነው ጠፋሽ» የሚባልበት፣ «እሱም ጥሩ ነው» የሚባልበት። ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተርመሰመሰ። ጠዋት ልጇን «ደስታ ነው» ያለቻት ይሄንን ነበር።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «ወረፋውን በሙሉ አጠፋዋለሁ። የድቡልቡልንም። ይቅርታ ያድርጉልኝና የእርስዎንም፣ እማማ፤ ያን ቀን ሹራብ አልሠራም፣ ቁጭ ብዬ እፈራልዎታለሁ። ዓይንዎ ሲድን ራስዎ ይነግሩኛል፤ የምጽፈው ያኔ ነው። የዛሬውን አንስቼ በቦታው እንዳልሆነ እጽፋለሁ፤ ጥፋቱ የልጄ ሳይሆን የእኔ መሆኑን ጨምሬ። ከእንግዲህ ያልሆነ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ቅዳሜው ባዶ ከሆነም ባዶ ይውላል። ስለ ሚጣ የሆነውንም ቢሆን ሚጣ በራሷ ዓይን አንብባ ‹ይውጣ› ካላለች አላወጣውም። ዛሬ ማታ ደግሞ በሯ ክፍት ነው የሚያድረው፤ መብራቱም ይበራል። ገንዳውን በሚመለከት፣ አንቺ ራስሽ ‹እማዬ፣ ውሰጂኝ› እስክትይኝ ድረስ አልጠይቅሽም፤ ጨርሰሽ ባትይኝም አልጠይቅሽም።»